ረቡዕ ዕለት ያልተነሳው ስልክ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለአቶ ቆይ፤

ሰማይን ያለ ምሰሶ ያቆመ ጌታ አንተንም በሰው አገር አጽንቶ ያቁምህ። ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። እናትህ "ጉልበቴን" ትላለች እንጂ ደህና ናት። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያመመኝ ነገር ቢኖር እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ብነግርህ በቀለለኝ። ግን አንተን በስልክ ከማግኘት ሚኒስትር ማግኘት ይቀላል። ከሚያዝያ ወዲህ እንደ ልማዳችን አንድ ጊዜ ጠርቼ እዘጋለሁ፤ አንተ መልሰህ ትደውላለህ ብዬ ስልኩን እቅፌ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። የሚመጣው ግን "እትዬ ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ እደውላለሁ" የሚል አጭር ጽሑፍ ነው። በልጅነትህ ለሁሉ ነገር "ቆይ" ስለምትል አቶ ቆይ ያልኩህ እኔ ነኝ። ስሙ እንዲህ ልክክ ይልብሃል ብዬ ግን አልነበረም። ስለዚህ ወደ ሙያዬ ተመለስኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ የለየች ሴት፣ ለቁም ነገር ሲሆን ቴምብር ትለጥፋለች።

ቁም ነገሩ ይኸውልህ። ከኅዳር 8 ሰኞ ጀምሮ እስከ እሑድ ድረስ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ይደረጋል። ሰኞና ማክሰኞ ማጣሪያው በሬዲዮ፣ ከረቡዕ ጀምሮ ያለው በሁለቱም በቀጥታ ይተላለፋል። ለጽሑፍ ፈተናው አራት መቶ ሰው ተሰልፎ ያለፍነው ስምንት ነን። አንዷ አክስትህ ናት። ትዝ ይልሃል መቼም፤ ሬዲዮኑ ሥር ቁጭ ብለን፣ ተወዳዳሪው አፉን ሳይከፍት እኔ ስመልስ፣ አንተ በጣትህ ትቆጥርልኝ ነበር።

"ለምን በዚህ ዕድሜሽ?" እንዳትለኝ። ስሰናበት የፖስታ ቤቱ አዲሱ ኃላፊ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ምን አለኝ መሰለህ? "እርስዎ በጭንቅላትዎ የያዙትን አሁን ማሽኑ ይዞታል፤ ይረፉ።" ይረፉ! አንድም አድራሻ ከወረቀት ሳላይ ጽፌ የኖርኩትን፣ ሰፈሩ ሁሉ "መዝገብ" የሚለኝን! ያ ሰውዬ እሑድ ፍጻሜውን ሊያይ ቴሌቪዥኑን ሲከፍት እኔን እዚያ ውስጥ እንዲያገኘኝ እፈልጋለሁ። ሌላ ምኞት የለኝም።

አንተ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ ዘመድ ያስመዘግባል። ጥያቄ ከከበደው አንድ ጊዜ ብቻ "ለዘመዴ ይደወልልኝ" ማለት ይችላል። ስልኩ ከስቱዲዮ ይደወላል፤ ዘመዱ ይመልሳል። እኔ ኳስና ኮምፒውተር የመጣ እንደሆነ ድንጋይ ነኝ፤ ስለዚህ ያንተን ቁጥር አስመዝግቤያለሁ። ገንዘብ አልጠየቅሁህም፤ ልብስም ላክልኝ አላልኩህም። ስልኩን አንሳ፤ በቃ።

እናትህ ትስምሃለች። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችንም ሰላም ብሎሃል።

አክስትህ

ጥቅምት 18

ለምወድሽና ለማከብርሽ አክስቴ፤

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ለእናቴም ጉልበት ምሕረቱን ያውርድላት። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዘግይቶ ነው፤ ቤት ቀይሬያለሁ። አዲሱን አድራሻ ፖስታው ጀርባ ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ፤ እባክሽ ከዚያ ላይ ገልብጪው።

ስለ ውድድሩ በጣም ደስ ብሎኛል። አንቺ ካላሸነፍሽ ማን ያሸንፋል? ስለ ስልኩ ግን ትንሽ አሳስቦኛል፣ እትዬ። ሥራ ቦታ ስልክ ማንሳት ክልክል ነው። አንዳንዴ ስብሰባም አለ። ለምን ልብስ ሰፊውን አታስመዘግቢውም? እሱ ኳስ ከኔ በላይ ያውቃል፤ ቅርብም ነው፤ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ስልክ ከማንሳት ውጪ ምን ሥራ አለው? ወይም ደግሞ ያቺን አስተማሪ የአጎቴን ልጅ።

የግድ እኔ መሆን ካለብኝ ግን ቀኑንና ሰዓቱን ቀደም ብለሽ ጻፊልኝ። ሌላ አንድ ነገር ደግሞ ለምኜሻለሁ፦ አቅራቢው ስለኔ ቢጠይቅሽ ስለ ሥራዬ ምንም አትበይ። እዚህ ያሉ ሰዎችም ሊሰሙት ይችላሉ፤ የመሥሪያ ቤት ነገር ነው፤ ደስ አይልም።

ስላልደወልኩ ይቅርታ። በዚህ ሰሞን ይቀለኛል፤ እደውላለሁ።

ልጅሽ

ጥቅምት 29

ለእህቴ ልጅ፤

የሰላም አምላክ ከፊትህም ከኋላህም ይሁን። ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ፤ አንብቤም ተናደድኩ፤ ዛሬም ንዴቱ አልበረደልኝም።

"ልብስ ሰፊውን አስመዝግቢ" አልከኝ? የዘመድ ስልክ ነው የተባለው፤ የጎረቤት ስልክ አልተባለም። ደግሞስ ቅጹ ተሞልቶ ማህተም ከተመታበት በኋላ ማን ይለውጥልኛል? አንድ ልጅ አሳድጌ፣ ፊደል አስቆጥሬ፣ ለአንድ ስልክ ይህን ያህል ልለማመጥ? ሥራ ቦታ ክልክል ከሆነ አለቃህን አስፈቅድ። መሐንዲስ ነህ፤ አንድ መሐንዲስ ለአንዲት ደቂቃ ከቢሮው መውጣት አይችልም? ስለ ሥራህ አትናገሪ ያልከውንም አልሰማህም። ሰው በልጁ የሚኮራው መቼ ሊሆን ነው?

አሁን ልብ ብለህ ስማኝ። ሰኞ በሬዲዮ እወዳደራለሁ፤ እሱን ያላንተ እወጣዋለሁ። ስልኩን ለረቡዕ አስቀምጬዋለሁ። ረቡዕ ኅዳር 10፣ በእኛ ከቀትር በኋላ፣ እናንተ ዘንድ ረፋድ ላይ ነው። ቁጥሩን አታውቀውም፤ የስቱዲዮው ነው። እንደኛ አንድ ጊዜ ጠርቶ አይዘጋም። እስከ ሠላሳ ሰከንድ ይጠራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልተነሳ ጥያቄው ለተቃራኒዬ ይሰጣል፤ እኔ መልሱን ባውቀው እንኳ መናገር አልችልም። ሕጉ "ዘመድ የጠራ አፉን ለዘመዱ ሰጥቷል" ነው የሚለው።

ይህ ደብዳቤ በዘጠነኛው ቀን እጅህ ይገባል። አስልቼዋለሁ፤ በስሌት አትጠራጠረኝ።

አክስትህ

ኅዳር 15

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ሳምንቱ አልቋል። እንዴት እንዳለቀ ልንገርህ፤ ሌላ የሚነግርህ የለምና።

ሰኞ የሬዲዮኑ ስቱዲዮ ገባሁ። ግድግዳው ሁሉ ስፖንጅ የለበሰ ጠባብ ክፍል ነው፤ ሰው ሲተነፍስ እንኳ ይሰማል። የተመደብኩት ከአንድ ፋርማሲስት ጋር ነበር፤ ሸሚዙን በደንብ አስተኩሶ መጥቷል። ስለ መድኃኒት የተጠየቀውን አንዱን ብቻ መለሰ። እኔ ዘጠኙን መለስኩ። እናትህ በልብስ ሰፊው ሱቅ ሬዲዮኑን እየሰማች እልል ስትል መንገደኛው ሠርግ መስሎት ቆሟል አሉ። ማክሰኞ ሌሎቹ ሲወዳደሩ እዚያው ሱቅ ሆኜ ሰማሁ። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ማንቀሳቀስ ትቶ፣ ሱሪ የሚሰፋለት ደንበኛ በውስጥ ልብሱ መጋረጃ ጀርባ ቆሞ፣ ሁላችንም ጆሯችንን ቀስረን ነበር። ከአንድ የከባድ መኪና ሹፌር ጋር እንደምገናኝ ያወቅሁት ያኔ ነው። ጎበዝ ነው፤ ያልዞረበት አገር የለም።

ረቡዕ ቴሌቪዥን ሆነ። አንዲት ልጅ ፊቴን ዱቄት ቀባችኝ፤ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀመጡኝና እግሬ መሬት ስላልደረሰ በተነፈስኩ ቁጥር ወደ ኋላ ይሄድብኛል። እንደምንም ተያያዝነው። ሹፌሩ ይመልሳል፣ እኔ እመልሳለሁ። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ እኩል ነበርን፤ ተራው የኔ ነበር። እኔም ለዘመዴ ይደወልልኝ አልኩ።

አቅራቢው "ዘመድዎ ምን ይሠራሉ?" አለኝ። "መሐንዲስ ነው፤ ውጭ አገር ነው" አልኩ፤ አፌን ሞልቼ። ከዚያ ስልኩ መጥራት ጀመረ። በድምፅ ማጉያ ነው የለቀቁት። አሥራ አንድ ጊዜ ጠራ፤ ቆጥሬዋለሁ። ስድስተኛው ላይ አቅራቢው "መሐንዲሳችን ድልድይ ላይ ናቸው መሰለኝ" አለ፤ ተመልካቹ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ደወሉ ተደወለ፤ ጥያቄው ለሹፌሩ ተሰጠ፤ መለሰ፤ አለቀ።

ሐሙስ ዳቦ ልገዛ ስወጣ የሰፈሩ ጎረምሶች በአፋቸው የስልክ ጥሪ እያሰሙ አሳለፉኝ። ዓርብ ሁለተኛውን ግማሽ ፍጻሜ አየሁ። ቅዳሜ አልወጣሁም። እሑድ ሹፌሩ በፍጻሜው በአንዲት ጡረተኛ ነርስ ተሸነፈ። ከሃያው ጥያቄ እኔ በልብስ ሰፊው ሱቅ ወንበር ላይ ሆኜ አሥራ ስምንቱን መልሻለሁ። ልብስ ሰፊው በጠመኔ ግድግዳው ላይ ሲያሰምር ነበር፤ ከዚያ እናትህ "ተው አጥፋው፤ ምን ያደርግላታል" አለችው።

የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ዛሬ ጠዋት መንገድ ላይ አግኝቶኝ "አይዞዎት፣ በዕድሜ ያለ ነው" አለኝ።

የት ነበርክ?

አክስትህ

ታኅሣሥ 1

ለአክስቴ፤

ፈጣሪ ልብሽን ያረጋጋልሽ። ደህና ነኝ።

የት ነበርኩ? ልንገርሽ፤ ግን አንቺም አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ደብዳቤሽን የት ነበር የላክሽው? የጥቅምት 29ኙና የኅዳር 15ቱ፣ ሁለቱም ትናንት በአንድ ላይ ነው እጄ የገቡት። የት ነበሩ? የድሮ አከራዬ ማቀዝቀዣ ላይ! አዲሱን አድራሻ በትልቁ ጽፌልሽ፣ "ከዚያ ላይ ገልብጪው" ብዬ ለምኜሽ፣ አንቺ በቃልሽ የያዝሽውን አሮጌውን ጻፍሽ። ፖስታውን ገልብጦ ማየት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ቀኑን አላወቅሁም። ሰዓቱን አላወቅሁም። ቁጥሩን አላወቅሁም። የምትቀርቢው ቅዳሜና እሑድ ነው ብዬ እነዚያን ሁለት ቀናት አስፈቅጄ ነበር፤ አለቃዬን ለምኜ።

ረቡዕ ዕለት ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አየሁት፤ ከአገር ቤት ነው፤ የማላውቀው ቁጥር ነው። እናቴ ከሰው ስልክ ጠርታ ልትዘጋ ነው አልኩ። እስኪዘጋ ጠበቅሁ። ማን ነው ይህን ያስተማረኝ? አንቺ ነሽ! "ከቤት ሲጠራ እንዳታነሳ፤ ካነሳህ ሒሳቡ በኛ ይቆጠራል፤ ይዘጋ፣ ከዚያ አንተ ትደውላለህ" ያልሽኝ የወጣሁ ዕለት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን የቤት ስልክ አንስቼ አላውቅም። ደጋግሞ ሲጠራ "ማነው መዝጋት የረሳው ሰው!" ብዬ ተናደድኩ እንጂ ሌላ አላሰብኩም። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መልሼ ደወልኩ። አንድ ሰውዬ አነሳና "ፕሮግራሙ አልቋል፤ እኔ ጥበቃ ነኝ፤ ማንን ፈለጉ?" አለኝ። ያኔ ነው የገባኝ።

ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም፣ እትዬ። አሥራ አንዱን ጥሪ ቆጥረሽ ላክሽልኝ፤ የራስሽን ፖስታ ግን አልቆጠርሽም። ደግሞ መሐንዲስ ነው አትበይ ብዬሽ ነበር።

ለወደፊቱ እንዲህ ያለ ነገር ሲኖር ሌላ ሰው አስመዝግቢ።

ልጅሽ

ታኅሣሥ 12

ለእህቴ ልጅ፤

ጤና ይስጥህ።

አድራሻውን በቃሌ ጻፍኩት። ልክ ነህ። የዚህ ደብዳቤ አድራሻ ከፖስታህ ጀርባ የተገለበጠ ነው፤ መነጽሬን አድርጌ፣ ሁለት ጊዜ አይቼ።

ለጥበቃው ደውለህ ስላነጋገርከው ደስ ብሎኛል። ለኔ አልደወልክም።

እናትህ ደህና ናት። ከእንግዲህ ጠርቼ አልዘጋብህም፤ ሥራህን ሥራ።

አክስትህ

ጥር 4

ለእትዬ፤

እንዴት ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅሁ ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ፤ ቅር አይበልሽ።

የመጨረሻዋ ደብዳቤሽ ከኪሴ ሳትወጣ ሁለት ሳምንት ሆናት። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። ዛሬ የዕረፍት ቀኔ ስለሆነ የረቡዑን ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አገኘሁት። እስካሁን ለማየት ድፍረቱ አልነበረኝም።

በደብዳቤሽ ጥያቄው ምን እንደነበር አልነገርሽኝም። እኔም አልጠየቅሁሽም፤ የኳስ ወይም የኮምፒውተር ነው ብዬ ነበር። አቅራቢው ምን አለ? "ከዓለም አገሮች መካከል በቴምብሯ ላይ የአገሯን ስም የማትጽፈው..." እትዬ፣ ቴምብር! እኔ እንኳ አውቀዋለሁ፤ ብሪታንያ ናት፤ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ከመሥሪያ ቤትሽ ያመጣሽልኝን ቴምብር እያሳየሽኝ። ደግሞ ሰውዬው አንብቦ እንኳ አልጨረሰም። "የማትጽፈው" ሲል "ለዘመዴ ይደወልልኝ" አልሽ። ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሼ አየሁት። ስልኩ ሲጠራ ፊትሽ ላይ የጥያቄ ሐሳብ የለም። ሰው ሲጠብቅ እንደሚያደርገው ፀጉርሽን ወደ ሻሽሽ ውስጥ ትከቻለሽ።

ለምን? እባክሽ ንገሪኝ። ከገባኝ ወዲህ ተናድጃለሁ። በራሴም በአንቺም። የፈለግሽው እኔን ማግኘት ከሆነ ማን እንዲህ አድርጊ አለሽ? በአገር ፊት?

እኔም የደበቅሁሽን ልናገር፤ ካልጻፍኩት እንዲሁ ሊቀር ነው። መሐንዲስ አይደለሁም። ትምህርቱን ሁለተኛው ዓመት ላይ አቋርጬዋለሁ። ፈተናውን ወደቅሁ፣ ደግሜ ወደቅሁ፣ ከዚያ ወጣሁ። የምሠራው የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ፓኬት እለያለሁ። ማሽኑ አድራሻ እያነበበ በየመስመሩ ይልካል፤ ማንበብ ያቃተውን፣ የተቀደደውን፣ በእጅ የተጻፈውን ወደኔ ይጥለዋል። ቆሜ እውላለሁ። ስብሰባ የሚባል ነገር የለም። ስልክ ማንሳት ክልክል መሆኑ እውነት ነው፤ ሌላው ውሸት ነው።

የማልደውለው ለዚህ ነው። ስደውል መጀመሪያ አንቺ፣ ከዚያ እናቴ፣ ከዚያ ልብስ ሰፊው ስልኩን ይቀባበሉታል። ሁሉም "ግንባታው እንዴት ነው?" ይለኛል። ለአንዱ ፎቅ ስሠራ፣ ለአንዱ ድልድይ ስሠራ፣ ለየትኛው የትኛውን እንዳልኩ ጠፋብኝ። ሚያዝያ ላይ እናቴ "የሠራኸውን ፎቅ ፎቶ ላክልኝ" አለችኝ። የሰው ፎቅ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። እሷ ፎቶውን አሳጥባ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ አልቻልኩም።

ስለ ረቡዕም እውነቱን ልንገርሽ። ጠርቶ እስኪዘጋ ጠበቅሁ ያልኩሽ ልክ ነው። ያልነገርኩሽ ግን ሲያቆም ደስ ማለቱን ነው። ቁጥሩን ሳላውቀው፣ ማን እንደሆነ ሳላውቀው፣ ብቻ ከቤት ስለሆነ፣ ሲያቆም እፎይ አልኩ።

አሁን የፈለግሽውን በይኝ።

ልጅሽ

ጥር 15

ለልጄ፤

ጌታ ሳይቆጣህ ይጠብቅህ። እኔ ተቆጥቻለሁ፤ አንድ ሰው ይበቃሃል።

አዎ፣ አውቀው ነበር። ያን ጥያቄ ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ እመልሰዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የብሪታንያን የፖስታ ጆንያ ስፈታ ኖሬያለሁ። አቅራቢው "ቴምብር" ሲል መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። ከመለስኩ አልፋለሁ፤ የዘመድ ስልኩም ለእሑድ ይተርፋል። እሑድ ግን የሚጠይቁኝን ሁሉ ባውቀው፣ የሚደወልልህ ምክንያት ሊጠፋ ነው። ስድስት ወር ከምናምን ጠርቼ ስዘጋ መልሰህ ያልደወልከው፣ በቴሌቪዥን ሲሆን በሠላሳ ሰከንድ ታነሳዋለህ ብዬ አሰብኩ። "አቤት" ስትል ልሰማህ ነበር። መልሱን ብትስተውም ግድ አልነበረኝም። "አላውቀውም እትዬ" ብትል ይበቃኝ ነበር። ያን ጊዜ ሳስበው ልክ ነበር። ወንበሩ ላይ ሆኜ ልክ ነበር።

ስወጣ ሹፌሩ በኮሪደሩ ተከትሎኝ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ "እናቴ፣ ፖስታ ቤት ነው የሠራሁት ብለው ይህንን እንዴት አጡት?" አለኝ። ምን ልበለው? "ልጄ ድምፁን አጥፍቶብኝ ነው" ልበለው? "ረሳሁት" አልኩት። አቅራቢውም እዚያው ቆሞ ነበር፤ ሰማ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው፤ ሴትዮዋ መርሳት ጀመረች ይላሉ። የፖስታ ቤቱ ኃላፊ "አላልኩም?" ይላል አሉ። እናትህ እንኳ የምድጃውን ጋዝ መዝጋቴን ሄዳ ታረጋግጣለች። ላርማቸው አልችልም፤ ካረምኳቸው ያንተን ነገር መናገር ሊኖርብኝ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ስለ ሥራህ አንዴ ልናገርና ይለፈን። ፈተና መውደቅህ አላሳዘነኝም፤ ስንቱ ይወድቃል። የሰው ፎቅ ፎቶ መላክህ አሳፍሮኛል፤ እናትህ እንግዳ በመጣ ቁጥር እስከ ስንተኛው ፎቅ ያንተ እንደሆነ በጣቷ ታሳያለች። ከሁሉ ያበገነኝ ግን ያፈርክበት ሥራ ነው። ፓኬት መለየት እንደ ሌባ የሚያስደብቅህ ከሆነ፣ አንተን ያሳደግሁበት እንጀራዬ ምን ነበር? ማሽኑ ያቃተውን ወደኔ ይጥለዋል አልክ። ይህንን ነገር ደውለህ ብትነግረኝ ኖሮ እዚህ ግቢ ውስጥ እጨፍር ነበር! ኃላፊው ቢሮ ድረስ ሄጄ ጠረጴዛውን እየመታሁ እነግረው ነበር! አንተ ግን ድልድይ ትሠራለህ።

ለእናትህ አልነገርኳትም፤ አልነግራትምም። ያንተን ስልክ እንደጠበቅሁ ያንተን አፍ ደግሞ አልሆንልህም። ፎቶው ግድግዳው ላይ ነው፤ አንተው አውርደው።

ደብዳቤህ ጥሩ ነው። ሁለት ቦታ አስለቅሶኛል፤ የት የት እንደሆነ አልነግርህም። አራት ገጽ ሙሉ ነው፤ የጽሕፈትህም ነገር ተሻሽሏል። ግን ስትጽፈው የዕረፍት ቀንህ ነበር አልክ። ፕሮግራሙን ያየኸው በስልክህ ነው መሰለኝ። ያ ስልክ እጅህ ውስጥ ሆኖ፣ የኔን ፊት ሦስት ጊዜ እየመለስክ አይተህ፣ ከዚያ አስቀምጠኸው እስክሪብቶ አነሳህ። እኔስ ይህንን እንዴት አድርጌ ልረዳው? ደብዳቤ የምወድ ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ደብዳቤ ስነካ ኖሬያለሁ፤ ይህንን ግን ስቀበለው ፖስታውን መወርወር ነበር ያማረኝ።

ድምፅህን ከሰማሁ ዘጠኝ ወር ሆነ። ሰው ፊት "ረሳሁት" ብዬ የዋሸሁት በእውነት የሚያስፈራኝን ነገር ይዤ ነው። ትናንት ደብዳቤህን ለእናትህ የሚነበበውን እየመረጥኩ ሳነብላት፣ ቃሉን ባንተ ድምፅ ልሰማው ሞከርኩ። አልመጣልኝም። ወፍራም ነበር? "እትዬ" ስትል መጨረሻው ላይ ታነሳው ነበር ወይስ ትጥለው? ቁጭ ብዬ ብዙ አሰብኩ፤ ጠፋብኝ።

አክስትህ